ከተቃቀፉ በኋላ

ቲኬት የሚሏት ልጅ ለማጨብጨብ ብድግ ብላለች። ብድግ ማለት ብቻ አይደለም፣ ወደ ክፍሉ ዞራ፣ «ይኸው፣ አልነገርኳችሁም?» የሚል ፊት አሳይታ፣ ሁለቴ ሦስቴ አጨብጭባለች ሁሉ። ማንም አልተከተላትም። የፊልም ክበቡ ልጆች በግራና በቀኟ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን ለማየት ይታገላሉ።

«አቦ ቁጭ በይ፣ ጋረድሽን» አላት ከኋላ አንዱ።

«አልቋል እኮ።»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

ዞር ብላ አየች። አላለቀም።

ስክሪኑ ላይ ልጅቷና አባቷ ሐይቁ ዳር እንደተቃቀፉ ናቸው። እስከዚህች ድረስ ቲኬት ፊልሙን እንደ ስሟ ነው የምታውቀው። አባትየው በጀልባ ሄዶ ይጠፋል፤ ልጅቷ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ወርዳ ትጠብቃለች፤ ማዕበል ይመጣል፤ ሰው ሁሉ ተስፋ ይቆርጣል፤ ከዚያ አንድ ቀን በጭጋጉ ውስጥ ጀልባዋ ብቅ ትላለች፤ ልጅቷ ትሮጣለች፤ ጥምጥም ይላሉ። ከዚያ ጥቁር። ከዚያ መብራት። ይኸው ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ ይሄ ፊልም የሚያልቀው እዚህች ጋ ነው።

አሁን ግን ካሜራው ቀስ እያለ ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። ሸሸ፣ ሸሸና ልጅቷ ብቻዋን ሆነች። እጆቿ ያቀፉት አየር ነው። ፊት ለፊቷ ጀልባዋ ባዶዋን ትወዛወዛለች።

ቲኬት ክው አለች። የራሷም እጆች ሊያጨበጭቡ እንደተዘረጉ አየር ላይ ቀሩ፤ ልክ እንደዚያችኛዋ ልጅ። መቀመጥ እንኳን ትዝ አላላትም፣ አጠገቧ የነበረችው ጓደኛዋ ናት ሸሚዟን ይዛ ወደ ታች የጎተተቻት።

ስክሪኑ ላይ ልጅቷ ብዙ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። በኋላ ጫማዋን አወለቀች። ውሃው ውስጥ ገብታ ጀልባዋ ላይ ወጣችና መቅዘፊያውን አነሳች። ጀልባዋ መጀመሪያ ባለችበት ዞረች፤ ልጅቷ መቅዘፍ አታውቅማ። ደግማ ሞከረች፣ ቀጥ አለላት። ሙዚቃ የለ፣ ንግግር የለ፣ የመቅዘፊያው ድምፅ ብቻ፤ ጭልፍ፣ ጭልፍ። ጭጋጉ እየሳሳ ሲሄድ ማዶ ያለው ዳርቻ ታየ። ያኔ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች ስም ከታች ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።

መብራት በራ። አንዲት ልጅ አፍንጫዋን እየጠረገች «አለርጂ ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሌሎቹ አጨበጨቡ። አሁን፣ ቲኬት እጇን ጉያዋ ውስጥ ከቀበረች በኋላ።

የቋንቋ መምህሩ፣ ክበቡን የሚመራው እሱ ነው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ አውጥቶ አያት። «እንግዲህ አቅራቢያችን፣ ቅድም ‹እንደዚህ ደስ የሚል መጨረሻ ያለው ፊልም በዓለም ላይ የለም› ብለሽን ነበር። እስቲ አብራሪልን።»

ብላለች። ከዚያም በላይ ብላለች። ይቺን ተራ ለማግኘት መምህሩን ደጅ ስትጠና ነው የከረመችው። ከመስታወት ፊት ተለማምዳ፣ እየዘለለች፣ እጇን እያወናጨፈች፣ ‹መተቃቀፉ ጋ ስትደርሱ ታመሰግኑኛላችሁ› ብላ ነው ፊልሙን ያስጀመረችው።

«እኔ... ያየሁት...» አለች።

«ቲቸር፣ እሷ ያየችው በዓይን ሳይሆን በምኞት ነው» አለ ያ ከኋላ ያለው፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ጓደኛዋ «ዝምተኛዋ» ትባላለች፤ እንደዚህ ያሏት አፏ የሚዘጋው እንቅልፍ ሲወስዳት ብቻ ስለሆነ ነው። ወደ ቤት ሲሄዱ ግን ግማሹን መንገድ በእውነት ዝም አለች። ያ ነው ቲኬትን ይበልጥ ያስደነገጣት።

«ምንድን ነው፣ ተናገሪ እንጂ።»

«አትቆጪኝም?»

«አልቆጣም።»

«የፈረሱ ፊልም ትዝ ይልሻል? ያ ታሞ ድኖ ወደ ሜዳው የተለቀቀው?»

«ያን እንዴት እረሳለሁ።»

ዝምተኛዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ፈረሱ ይሞታል እኮ። እኔ በእህቴ ስልክ ሙሉውን አይቼዋለሁ። አንቺ ‹ዳነ› ብለሽ ስትነግሪኝ ሙድ እየያዝሽብኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

ቲኬት መንገዱ መሃል ቆመች። ከኋላ የመጣ ብስክሌት ደወሉን እያንጫረረ ዞሯት ሄደ።

«የሁለቱ ወንድማማቾችስ? ባቡር ጣቢያ የታረቁት?»

«እሱን አላየሁትም። ግን በእናትሽ፣ እንዴት ነው ሁሉም የሚታረቀው? አንዳንዱ እኮ ተኳርፎ ይቀራል።»

አንድ በአንድ ቆጠሩ። የዘፋኟ፣ የእስረኛው፣ የሽማግሌው አስተማሪ። ቲኬት የምትወዳቸው ፊልሞች በሙሉ መተቃቀፍ ላይ፣ መሳቅ ላይ፣ በር መከፈት ላይ ነው የሚያልቁት። በአንዳቸውም ላይ ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ የሰው ስም አይታ አታውቅም። ይሄ እንዴት እስካሁን አልከነከናትም? እነዚያን ፊልሞች በሙሉ ያየችው አንድ ቦታ ነው። ጋሼ ጋ።

ጋሼ የአባቷ ታናሽ ወንድም ነው። ቪዲዮ ቤት አለው፤ ከፀጉር ቤቱ ጎን ያለ ረጅም የቆርቆሮ ክፍል፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ነጭ ቀለም የተቀባ። እናቷ ዳቦ ቤት ውላ ስለምትመጣ ቲኬት ያደገችው እዚያ ነው። ቲኬት የተባለችውም ገና በወተት ጥርሷ የሰዉን ቲኬት እየነከሰች ታስገባ ስለነበር ነው። ሌላ ልጅ ተረት ሰምቶ ሲተኛ፣ እሷ ፕሮጀክተር እያጉረመረመላት ነው የተኛችው። ፊልም ማለት ለእሷ ጋሼ ነበር፤ ጋሼም ፊልም።

አሠራሩንም ታውቀዋለች። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ጋሼ ሪሞቱን ኮቱ ኪስ ውስጥ ይዞ የመብራት ማብሪያው ጋ ይቆማል። በአንድ እጁ ያጠፋል፣ በሌላው ያበራል፤ ሰው እንኳን ዓይኑን ሳያርገበግብ። «በሉ አልቋል፣ ወንበር አታንኳኩ» ይላል። እሷ ይሄን ሁሌም እንደ ጥበብ ነበር የምታየው። አስማተኛ ነው ትል ነበር ለጓደኞቿ።

ስትደርስ ጋሼ ወንበር ላይ ቆሞ በረጅም መጥረጊያ የነጩን ግድግዳ አቧራ ያራግፋል። ፀጉር ቆራጩ ደንበኛ ስለሌለው በሩ ላይ ተደግፎ ያወራዋል።

«መጣች ፕሮፌሰሯ» አላት ጋሼ። «እንዴት ሆነ? አስለቀስሻቸው?»

«ጋሼ፣ የጀልባዋ ፊልም እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ለሰው ሁሉ የምትነግሪው? ይገናኛሉ።»

«ከዚያስ?»

መጥረጊያው ግድግዳው ላይ ቆመ። ጋሼ ወደ እሷ አልዞረም።

«ከዚያማ ቤታቸው ይገባሉ» አለ፣ በጣም ቀስ ብሎ።

«አይገቡም። ጀልባዋ ባዶ ናት። አየሁት፣ ሁሉም አዩት። እኔ ቆሜ እያጨበጨብኩ፣ ሰው ፊት ሼም ተከናንቤ። ፈረሱም ሞቷል አሉኝ።»

«የቱ ፈረስ?» አለ ፀጉር ቆራጩ።

«ነጩ።»

«ነጩ ፈረስ ሞቷል?» ፀጉር ቆራጩ ከበሩ ተነስቶ የመጀመሪያው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። «እኔ እኮ ልጆቹን ስላጫቸው ‹አታልቅሱ፣ እንደ ነጩ ፈረስ ጠንክሩ› እያልኩ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ምን አድርገኸናል?»

ጋሼ ከወንበሩ ወረደ። መጥረጊያውን ግድግዳ ሊያስደግፍ ሞከረ፣ ወደቀበት፣ አላነሳውም። ቲኬት ሲክድ፣ ሲቀልድ፣ ሲቆጣ ብታየው ይሻላት ነበር። እሱ ግን ልክ ሲያጠፋ እንደተያዘ ልጅ ጆሮው ቀላ፤ ያንን ስታይ ሁለተኛ ክው አለች።

«እዚያች ወንበር ላይ ነበርሽ» አላት፣ በአገጩ ወደ ፊት እያመለከተ። «እግርሽ ገና መሬት አይደርስም። የአባትሽ መኪና ገደል የገባ ጊዜ፣ የሁላችንም እንባ ሳይደርቅ። እናትሽ የምታደርግሽ ግራ ገብቷት እኔ ጋ አምጥታ ጣለችሽ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ፊልም ከፈትኩልሽ። ይሄ ደህና ነው፣ ሐይቅ አለው፣ ልጅ አለው ብዬ። አይቼው አላውቅም ነበር።»

«እና?»

«ልጅቷ ስትሮጥ አንቺም ብድግ አልሽ። ‹መጣ› አልሽ። እኔ ደግሞ ቆሜ ስለማይ ነው መሰለኝ ካሜራው መሸሽ ሲጀምር ቀድሜ ገባኝ፤ የጀልባዋን ጫፍ አየሁት፣ ሰው የለበትም። እጄ ቀደመኝ። አጠፋሁት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንቺ አጨበጨብሽ። ያን ሁሉ ጊዜ ሳትስቂ ከርመሽ አጨበጨብሽ። ታዲያ ምን ልበልሽ?»

ቲኬት ዛሬ ክፍል ውስጥ የቆመችበትን፣ የዞረችበትን፣ እጇን ያነሳችበትን አስታወሰች። ለካ ያን ጊዜ ቆማ ያጨበጨበችው ሰውነቷ ውስጥ ቀርቶ ነው።

«እሱ ይሁን» አለች። «ሌሎቹስ? ያን ሁሉ ፊልም?»

«እጅ ይለምዳል። ሰዉም እየሳቀ ሲወጣ ደስ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ብቻዬን አይቼ የት ጋ እንደማጠፋ እመርጥ ነበር። በኋላ ማየቱንም ተውኩት፣ ሊከፋ ሲል ሙዚቃው ያስታውቃል።»

«በውሸት ነው ያሳደግከኝ።»

«ወሬ አታብዢ፣ አጎትሽ ነው» አለ ፀጉር ቆራጩ፣ ግን በግማሽ ልቡ፤ እሱም ገና ለፈረሱ እያዘነ ነበር።

ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ጋሼ ጠራት። «ባዶ ጀልባ ነው አይደል መጨረሻው?»

ዞረች። በመጀመሪያ ነገሩ አልገባትም። ከዚያ ገባትና ሦስተኛ ጊዜ ደነገጠች፤ ይሄኛው ግን እንደ ሌሎቹ አልነበረም፣ ደረቷ ላይ ነው ያረፈው። ይሄን ሁሉ ዓመት ፊልሙን ሲከፍትና ሲያጠፋ የኖረው ሰውዬ የጀልባዋን ጫፍ ካየባት ቅጽበት አልፎ አያውቅም። ልጅቷ ጫማዋን ማውለቋን አያውቅም። መቅዘፊያውን አያውቅም።

ሳትነግረው ወጣች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ወደ ቪዲዮ ቤቱ ድርሽ አላለችም። ፊልም አስጠልቶኛል አለች ለእናቷ። ለክበቡም ከእንግዲህ አልመጣም ልትል አስባ ነበር። ችግሩ፣ ሳህን ስታጥብ ውሃው ውስጥ ‹ጭልፍ› ሲል ትሰማለች። ቁጭ ብላ ሒሳብ ስትሠራ ካሜራው ሲሸሽ ይታያታል። ለምን ቀስ ብሎ ሸሸ? ቶሎ ቢሸሽ ኖሮ እንደዚያ ያስደነግጥ ነበር? ሙዚቃውን ለምን አጠፉት? ደግሞ ጀልባዋ መጀመሪያ ባለችበት መዞሯ፤ እሱን ያሰበው ሰው እንዴት አሰበው? ልትጠላው በፈለገች ቁጥር ይብስባታል፣ እብድ እስክትሆን ድረስ።

ዝምተኛዋ ጋ ሄዳ የፈረሱን ፊልም ከመጀመሪያው አየች። ሁለቱም አልጋ ላይ ተኝተው፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፈው። ፈረሱ ሲሞት ዝምተኛዋ ለሁለተኛ ጊዜ ስላየችው ኮራ ብላ ነበር፤ ቀድማ ያለቀሰችው ግን እሷ ናት።

«ነግሬሽ ነበር ደባሪ ነው ብዬ» አለች ንፍጧን እየሳበች።

«ደባሪ አይደለም» አለች ቲኬት። «እግዚኦ፣ እንዴት ያምራል። ዳነ ብለው ቢጨርሱት ኖሮ ልጁ ኮርቻውን ተሸክሞ ወደ ቤት ሲሄድ አናየውም ነበር። ያቺን እኮ ጋሼ ቆርጦ ጥሏታል። አስቢው፣ ያቺን የመሰለች ነገር።»

«ስሞቹን አሳልፊያቸው እንግዲህ።»

«አይሆንም። እያንዳንዱን አነባለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ቪዲዮ ቤቱ በሰፈር ልጆች ይሞላል። ቲኬት ስትገባ ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ልጆቹ የጀልባዋን ነው የመረጡት» አላት። «ሌላ ልክፈት ብዬ ነበር። አልሰማ አሉ።»

ከዚያ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ሪሞቱን አውጥቶ ሰጣት። ለማንም ሰጥቶት አያውቅም። ለፀጉር ቆራጩ እንኳን፣ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ሲዘጋ እንኳን።

«ይሄ አውራ ጣት ከእንግዲህ አይታመንም። ያንቺ ይሁን። ብታጠፊውም አልወቅስሽም፣ ብትተይውም አልወቅስሽም።»

ከፊት ወንበር ላይ የልብስ ሰፊዋ ትንሽ ልጅ ተቀምጣለች። ‹ከዚያስ› ነው የሚሏት፤ የትኛውንም ወሬ ብትነግሯት፣ ዳቦ ገዛሁ ብትሏት እንኳን፣ ‹ከዚያስ?› ስለምትል። ሁልጊዜ በአያቷ እጅ ተይዛ ነበር የምትመጣው። ሽማግሌው ፊልም ሲጀመር እንቅልፍ ይወስዳቸውና ሲያልቅ እሷ በክርኗ ታነቃቸዋለች። እሳቸው ከሞቱ ገና ቅርብ ነው። ዛሬ ብቻዋን ነው የመጣችው፤ የእሳቸውን ቦታ ግን ለማንም አልለቀቀችም፣ ሹራቧን አንጥፋበታለች። እግሯ መሬት አይደርስም።

ቲኬት ይቺን ስታይ ሪሞቱ እጇ ላይ ከበዳት። ወይኔ ጋሼ፣ አለች በልቧ። ለካ እንዲህ ነው።

«ሹራብሽን አንሺልኝ፣ ልቀመጥ።»

ከዚያስ አየቻት። አሰበችበት። «አትተኚም?» አለች።

«አልተኛም።»

ሹራቡን አነሳችላት።

ጥቁሩ ጨርቅ ተጋረደ፣ ፕሮጀክተሩ ማጉረምረም ጀመረ። አባትየው ሄደ። ልጅቷ ጠበቀች። ማዕበሉ ሲመጣ ልጆቹ እየጮኹ ተያያዙ፤ ቲኬት ግን አንዱንም በደንብ አላየችውም፣ አውራ ጣቷ የምትጫናትን ቁልፍ እየዳበሰ ነበር። አንድ ጊዜ ጫን ማለት ነው። ልጆቹ እየሳቁ ይወጣሉ። ይቺ ትንሽ ልጅ እየዘለለች ቤቷ ትገባለች። ማንም አያውቅም።

በጭጋጉ ውስጥ ጀልባዋ ብቅ አለች። ልጅቷ ሮጠች። አጠገቧ ከዚያስ ከወንበሩ ወርዳ ብድግ አለች፣ ሁለት እጆቿን ደረቷ ላይ አጣብቃ። ከኋላ፣ ማብሪያው ጋ፣ የጋሼ ጫማ ወለሉ ላይ ሲንቀሳቀስ ተሰማ፤ ሰውነቱ ከልማዱ ሊላቀቅ አልቻለም።

ተቃቀፉ።

«አለቀ?» አለች ከዚያስ በሹክሹክታ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ እንደሚያልቅ እሷም ታውቃለች።

ቲኬት ሪሞቱን ገልብጣ ከወንበሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጠችው። የልጅቷን እጅ ያዘች፤ ትንሽ፣ ላብ ያጠመቃት እጅ ናት።

«አላለቀም።»

«ከዚያስ?»

«እይ።»

ካሜራው መሸሽ ጀመረ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጫጫታ ከወንበር ወንበር እየጠፋ ሄደና ጭራሽ ረጭ አለ። ትንሿ እጅ የቲኬትን ጣቶች ጭምቅ አደረገቻቸው። መብራት አልበራም። ይልቅ ከኋላቸው ያለው አግዳሚ ወንበር ሲጥ አለ፤ የከበደ ሰው ቀስ ብሎ ተቀመጠበት። ቲኬት ዞራ አላየችም።

ስክሪኑ ላይ ልጅቷ ጫማዋን ስታወልቅ ቲኬት ከጀርባዋ ትንፋሽ ሲቆም ሰማች። መቅዘፊያው ውሃውን ሲነካ፣ ጭልፍ ሲል፣ ያ ትንፋሽ እንደገና ወጣ።